እትዬ ዘምዘምና የጊሎ አሸዋ

የእትዬ ዘምዘም ልጅ ጀማል ከአዲስ አበባ ሲደውል ወሬያችን ሁልጊዜ ስለ እናቱ ሱቅ ተከራይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ማርቆስ፣ እናቴ ዐረፈች» አለኝ። ሱብሂ ሰግደው፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ትንሽ ጋደም ልበል እንዳሉ ነው የሄዱት። አልተሰቃዩም። ስልኩን ዘግቼ የሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። አዘንኩ፤ ማዘኔን አልደብቅም። ግን ማዘኔ ውስጥ ሆኜ ፈገግ ብዬ ኖሮ፣ ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምታፈላው ልጅ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እትዬ ዘምዘም እኮ ሰማይ ቤትም ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈትሹት ጎማ ነው» አለች።

ጋምቤላ ውስጥ እትዬ ዘምዘምን የማያውቅ ካለ ትናንት በአውሮፕላን የመጣ ነው። ከወሎ ወደዚህ የመጡት ገና ሙሽራ ሳሉ ነበር። ባላቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ድንገት ሲሞቱ ለሚስታቸው አንድ ሱቅ፣ አንድ ልጅና አንዲት ረጅም ፎርዊል መኪና ትተው ሄዱ። ለቅሶው ሳይነሳ መኪናዋን እንግዛ የሚሉ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ይጠባበቁ ነበር አሉ። እሳቸው አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ፈልገው ኳስ ሜዳ ላይ መንዳት ተማሩ። ከዚያ በኋላ ኢታንግ በሉት፣ ፑኝዶ በሉት፣ ወርቅ ቆፋሪዎቹ ያሉበት ዲማ በሉት፣ ጨውና ሳሙና፣ ባትሪና የላስቲክ ጫማ ጭነው ያልገቡበት የለም። መንገድ ላይ የተገተረ የጭነት መኪና ካዩ ወርደው ሾፌሩን የሚገስጹ፣ ከገሰጹ በኋላ ደግሞ ክሪካቸውን የሚያውሱ ሴት ነበሩ።

የእኔ ፎቶ ቤት ከሱቃቸው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሲነታረኩ እሰማለሁ፤ ሲጸልዩም እሰማለሁ። ጉዞ ሊወጡ ሲሉ መኪናዋን ዞረው ዞረው፣ ጎማውን በላስቲክ ጫማቸው መታ መታ አድርገው፣ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣሉ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ስልክ ያወጣሉ። ጎሬ ያለ ወንድማቸው ጋ ደውለው፣ «ዘንቧል ወይ?» ይሉታል። ባሮ የሚሞላው ከላይ ከደጋ በሚወርድ ውሃ ነው፤ እኛ ጋ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ሆኖ ሳለ ወንዙ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ እትዬ ዘምዘም፣ «ሰማይን አትመን፣ ጎሬን ጠይቅ» ይሉኝ ነበር። እኔም በቃ አመንኳቸው። ልብስ ሳጥብ እንኳ ጎሬን ሳልጠይቅ አላሰጣም እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

ዓይናቸው መታመሙን መጀመሪያ ያወቅሁት ከጎናቸው ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ አላይ ሲሉ ነው። ሰውየው ጉሮሮውን ሲጠርግ ደነገጡ። ቀጥሎ በራሳቸው በር ላይ የተደረደረ ጀሪካን ገጩ። ጀማል መጥቶ አዲስ አበባ ወሰዳቸው፤ ሲመለሱ በራቸውን ሳይከፍቱ መጀመሪያ እኔ ጋ ገቡና ሁሉንም ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ግላኮማ ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ያያሉ፣ ጎንና ጎኑ ግን ጠፍቷል። የጠፋው አይመለስም። የተረፈውን ደግሞ ጠብታው ቢያቆየው ነው እንጂ ዋስትና የለም። መንዳት ክልክል ነው። ጀማል ሱቁን አከራይቶ፣ መኪናዋን ሸጦ፣ ረመዳን ሳይገባ እናቱን ወደ ራሱ ቤት ሊወስድ ወስኗል። በሁሉም ተስማምተዋል። ድምፃቸው ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል ነበር። እኔ ነኝ ዓይኔን የጠራረግሁት።

ከዚያ፣ «አንድ ነገር ቀርቶኛል» አሉኝ። «ይህችን መኪና ከያዝኳት ጀምሮ ለደስታዬ ነድቻት አላውቅም። አንድ ቀን ያለ ጭነት ልንዳት።»

ዶክተሩ ከልክሎ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ዶክተሩ መንገድ ነው ያለኝ። አሸዋ አላለም» አሉ። «ሰው በሌለበት፣ ዛፍ በሌለበት፣ ግድግዳ በሌለበት ሜዳ አሸዋ ላይ። መንገዱን አንተ ትነዳለህ፤ አሸዋው ላይ ስንደርስ እኔ እይዛለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ካለ ፈልግልኝ። ከሌለም የለም በለኝና ልተወው።»

የለም ማለት ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በእሳቸው መኪና፣ በእሳቸው ጩኸት ነው። አፌ እምቢ አላለም።

ባሮን አስቀድመን ተውነው። ከተማው አጠገብ ያለው ዳርቻ የሚታጠበው፣ የሚያጥበው፣ አሸዋ የሚጭነው ሰው ሞልቶበታል። ቦታውን ያገኘልን ኦሞድ ነው። ኦሞድ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ከእኔ ጎን የሚቆም አኙዋ ወዳጄ ነው። ፈተና ሊያባዛ መጥቶ ወሬያችንን ሰማና፣ «እናቴ አገር አሸዋ አለ» አለ። «ከፑኝዶ ወዲያ፣ ጊሎ ዳር። አሁን በጋ ነው፣ ትልቅ ነው። ሁለት ኳስ ሜዳ ታደርጋለህ፣ ይተርፋል።» ወደ እሳቸው ዞሮም፣ «አንቺ ትነጂያለሽ፣ ማንም አይነካሽም» አላቸው። ኦሞድ አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ስለሆነ አንቱታ አይሆንለትም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ነው የሚለው። እትዬ ዘምዘም ይህን ይወዱለት ነበር። ከሁላችሁም እንደ እኩያ የሚያዋራኝ እሱ ነው ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምሽት ሁሉ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠን ስናቅድ አሳለፍን። እኔ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ንትርክ ገጥሞኝ አያውቅም። ጎማ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ ከሥር የሚነጠፍ ሳንቃ ይያዝ ተባለ። አካፋ፣ ገመድ፣ የጎማ መንፊያ፣ መጠባበቂያ ናፍጣ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ አጎበር፣ በሶና ቴምር። እኔ ድንኳን ስል እሳቸው የጭነት ሸራ በቂ ነው ይላሉ። እኔ ውሃው ዳር እንደር ስል ኦሞድ፣ «አዞ አለ። ታች አትተኛም፣ ላይ ትተኛለህ» ብሎ አፌን አስያዘኝ። እናቱ ዓሣ እንደምታዘጋጅ፣ ለቀበሌውም እንግዳ እንደሚመጣ አስቀድሞ እንደሚናገር ነገረን። ፑኝዶ የሚመላለሱ ሾፌሮች ሁሉ የመንገዱን ሁኔታ ተጠየቁ። እትዬ ዘምዘም ለአንድ ሌሊት ጉዞ ያደረጉትን ጥያቄ ለልጃቸው ጋብቻ አላደረጉትም።

ወሬው ገበያ ውስጥ ሲሰማ ጭነት ያለው ሁሉ መጣ። አንዱ አንድ ኩንታል ስኳር ፑኝዶ አድርሱልኝ ይላል፤ ሌላው ትንሽ ካርቶን ናት ይላል። ሁሉንም መለሱ። «ያለ ጭነት ብያለሁ» አሉ፤ ከራሳቸው ሱቅ እንኳ አንዲት ሳሙና አላስጫኑም።

የወጣነው የካቲት ውስጥ ነው። ማለዳ ጎሬ ተደወለ፤ ወንድማቸው ደረቅ ነው፣ አቧራ እየበላን ነው አለ። እኔ መሪውን ያዝኩ፣ እሳቸው ከጎኔ፣ ኦሞድ ከኋላ። አስፋልቱ እንዳለቀ ግን የነጋዴ ስሕተት ሠርተን ኖሮ ተገለጠልን። መኪናዋ ዕድሜዋን ሁሉ ጭና የኖረች ናት፤ ከሥር ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራዋም የተጠናከረው ለጭነት ነው። ባዶዋን ስትሄድ ኮረኮንቹ ላይ እንደ ፍየል ግልገል ትፈነጥዛለች። ኦሞድ ከኋላ ጣሪያውን በጭንቅላቱ እየመታ በአኙዋ ቋንቋ ጌታን ይጠራል። እትዬ ዘምዘም እጀታውን ጨብጠው፣ «ይህች ልጅ ለካ ባዶዋን ስትሆን ጠባይ የላትም» አሉ። የሚያውቋት በጭነቷ ብቻ ነበር።

ከአቦቦ አለፍ እንዳልን ዛፍ ጥላ ሥር ጓዛቸውን ይዘው መኪና የሚጠብቁ ሴቶች አየን። አቁም አሉኝ። ያለ ጭነት አላሉም ወይ ብዬ ሳሾፍባቸው፣ «ሰው መቼ ነው ጭነት የሆነው?» አሉ። «ጭነት ማለት ዋጋ የተቆረጠለት ነው። ግቡ፣ ግቡ።» ገቡ። ወዲያው መኪናዋ አደብ ገዛች። ፑኝዶ እስክንደርስ አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲወጣ፣ ማንም ሳይከፍል፣ ጋቢናው ድረስ ዘፈንና የሕፃን ለቅሶ ሞልቶ ሄድን። ሰላሳ ዓመት ከተሳፋሪ ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሴት ያን ቀን ሕፃን ታቅፈው ነበር።

ጊሎ ዳር የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የኦሞድ እናት ረጅም፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው፤ አማርኛ አይችሉም። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ለረጅም ጊዜ ተያዩ፣ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሳይኖር የተግባቡ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ አሸዋው ወረድን። ኦሞድ አልዋሸም። ወንዙ በበጋ ጠቦ ወደ ማዶ ሸሽቷል፤ ከእኛ ወገን ያለው ነጭ አሸዋ ዓይን እስኪያታክት ተዘርግቷል። እትዬ ዘምዘም ጫማቸውን አውልቀው ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ሄዱበት። ጎማው አሸዋውን እንዳይቆፍር ንፋሱን ራሳቸው ቀነሱ፤ ቁጭ ብለው፣ ጆሯቸውን አዘንብለው፣ ሲበቃ በድምፁ ዐወቁ። አራቱም ጎማ እንዲጎትት የሚያደርገውን የፊቱን ጎማ መቆለፊያ ግን ለእኔ ተዉልኝ፣ ወገባቸው እምቢ ብሎ።

ያን ዕለት ግን አልነዱም። ፀሐይ ዘቅዝቃ ፊት ለፊት ትወጋቸው ነበርና ጠዋት ይሻለኛል አሉ። ፍርሃት መስሎኝ ነበር። አልነበረም፤ ደስታን ማሳደር ፈልገው ነው። አሸዋው ላይ መግሪብ ሰገዱ፣ ዓሣውን እሾሁን በጣታቸው እየለቀሙ በሉ፣ ላይኛው ደረቅ መሬት ላይ ሸራችንን ዘርግተን አጎበራችንን ሰቀልን። ሲነጋልኝ አሉ፣ ሲነጋልኝ፣ እንደ ዒድ የሚጠብቅ ልጅ።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ኦሞድ ነው። «ማርቆስ፣ ተነስ። አሸዋው ሄደ» አለኝ።

ተነስቼ አየሁ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለም። ወንዙ ግን ደፍርሶ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ፣ የአሸዋውን ትልቁን ክፍል ውጦታል። የቀረው በገደሉና በውሃው መካከል ያለ ረጅም፣ ቀጭን የአሸዋ ሰርጥ ነው። እትዬ ዘምዘም ቀድመውኝ ቆመው ያያሉ፤ ጎናቸውን ለማየት አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ያዞራሉ። ጎሬ ደረቅ ነው ብሎን ነበር እኮ አልኩ።

ኦሞድ ግራ ገብቶት አየኝ። «ጎሬ ምን አገባው? ጊሎ ከጎሬ አይመጣም። ጊሎ ከሚዛን ነው የሚመጣው። አንቺ ሚዛን የደወልሽ መስሎኝ ነው» አላቸው።

ያን ሁሉ ምሽት ሳንቃና ገመድ ስንቆጥር አንዳችንም ስለየትኛው ወንዝ እንደምንጠይቅ አላሰብንም። ባሮ ዳር ስንኖር፣ ጎሬ የዓለም ወንዝ ሁሉ ምንጭ መስሎን ኖሯል። እትዬ ዘምዘም አሸዋው ላይ ተቀመጡ። «ፑኝዶ ስመላለስ ስንት ዘመኔ፣ ጊሎ ዳር አንድ ቀን ወርጄ አላውቅም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለባሮ የጠየቅሁት ለጊሎ መች ይሆናል» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። መኪናዋ በሳምንቱ ለገዢ የምትሰጥ ነበረች። ውሃው እስኪጎድል የምንጠብቅበት ቀን አልነበረንም።

እኔ አይሆንም አልኩ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ውሃ፣ የሚነዱት ደግሞ ጎናቸውን የማያዩ ሴት። ይቅርታ እትዬ፣ አይሆንም አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። በሕይወታቸው ያልተከራከሩኝ ያኔ ብቻ ነው፤ ልቤ የተሰበረውም ለዚያ ነው። «ፊቴን አያለሁ። ጎኔን ነው የማላየው። ልክ ነህ» አሉ።

የኦሞድ እናት ምን እንደምንባባል ልጃቸውን ጠየቁ። ኦሞድ በአኙዋ አስረዳቸው፤ እጁን ከጆሮው ጎን እያውለበለበ የማይታየው ይህ ነው ብሎ አሳያቸው። አሮጊቷ አንድ ነገር ተናገሩና መልስ ሳይጠብቁ ወደ መንደሩ ወጡ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ጎን ከሌላት እኛ ጎን እንሆናለን አለች።»

ብዙ ሳይቆይ ሰው ወረደ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ የዓሣ መረብ የያዙ ጎልማሶች፣ ባዶ ጀሪካንና ድስት ይዘው መጡ። ገሚሱ ውሃው ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ገብቶ ተሰለፈ፤ ገሚሱ ገደሉ ላይ ወጣ። የኦሞድ እናት አንድ ጊዜ ሲመቱ ሁሉም መታ። ኦሞድ ለእትዬ ዘምዘም ሲያስረዳ፣ «ጀሪካን ውሃ ነው። ድስት ገደል ነው። ሁለቱ እኩል ከሆነ መሐል ነሽ» አላቸው።

እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ እጄ የእጅ ፍሬኑ ላይ። መስኮቶቹን ሁሉ አወረዱ። ቢስሚላህ አሉና አስነሡ። መጀመሪያ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው። ከቀኝ ጀሪካኑ ሲበረታ ወደ ግራ ይላሉ፤ ድስቱ ሲቀርብ ወደ ቀኝ ይመልሳሉ። መሪውን ደርሼ ልይዝ ቃጥቶኝ ነበር። አልያዝኩም። መሐሉ ላይ ሁለተኛ አስገቡ። ሰዎቹ መኪናዋ ባለፈቻቸው ቁጥር እየሮጡ ወደፊት ሄደው እንደገና ይሰለፋሉ፤ የማያልቅ ሰልፍ ሆነ። ሰርጡ መጨረሻ ላይ ሰፋ የሚል ቦታ ነበር፤ እዚያ አዞሯት። ሲመለሱ ሦስተኛ አስገቡ፣ አሸዋው ከኋላችን እየተበተነ፣ ነጠላቸው በንፋስ ወርዶ ትከሻቸው ላይ፣ እየሳቁ፤ እኔም እሳቸውን አይቼ እስቅ ጀመር፣ እጄን ከፍሬኑ ላይ መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከተነሡበት ሲደርሱ አቁመው ሞተሩን አጠፉ። ድስቱም ጀሪካኑም ዝም አለ። አንድ ጊዜ ይድገሙት አልኳቸው፤ ውሃው ገና ነው፣ ሰዎቹም አልደከሙ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ጠግቤያለሁ።»

ወርደው የኦሞድን እናት አቀፉ። ጓዛችንን ጭነን፣ ጎማውን ነፍተን ስንጨርስ፣ ማንም ሳይላቸው ዞረው በሾፌሩ ወገን ያለውን በር ከፈቱና መሪው ጋ እንድቀመጥ ጠቆሙኝ። እሳቸው ከጎን ገቡ። ያዝኑ ይሆን ብዬ ፊታቸውን ሰርቄ አየሁ። ሐዘን አልነበረበትም።

«አንተ ንዳ» አሉኝ። «እኔ በዚህ መንገድ ዕድሜዬን ስመላለስ ያየሁት ጉድጓዱን ነው። አገሩን አላየሁትም። ያለችኝ ዓይን ሳትሄድ አገሩን ልየው።»

መንገዱን ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደግፈው ሄዱ። ጎናቸው ስለማይታያቸው አንድ ዛፍ ለማየት መላ ሰውነታቸውን ማዞር ነበረባቸው፤ ይዞራሉ፣ ዐይተው ሲጨርሱ ደግሞ ወደሚቀጥለው ይዞራሉ። ያ ምን ይባላል፣ ይህስ ወፍ፣ ያ ሰፈር የማን ነው እያሉ ኦሞድን ይጠይቁታል። እሱ በአኙዋ ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም እየተሳሳቱ ይደግሙታል። እኔ እንዳይመሽብን ብዬ ነዳጁን ስጨምር ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ቀስ በል፣ ማርቆስ» አሉ። «ገና እያየሁ ነው።»

ቀስ አልኩ። ጋምቤላ የገባነው ጀንበር ስትጠልቅ ነው።